መርጫው ሲቀር፦ ያለ ኬሚካል ፍሬ የማፍራት ሳይንስ በቶሮንቶ ጓሮዎች

በካናዳ ትልቋ ከተማ በቶሮንቶ የበረዶው ወራት አልፎ ጸደይ ሲገባ፣ ከመኖሪያ ቤቶች ጀርባ የቆሙት የፖም፣ የፒር፣ የቼሪና የፕሪም ዛፎች በአበባ ይሸፈናሉ። ከእነዚህ ዛፎች ብዙዎቹን የተከሏቸው ከዛሬዎቹ ነዋሪዎች በፊት የነበሩ ሰዎች ናቸው። ቤቱን የገዛ ወይም የተከራየ ሰው ዛፉን ከነፍሬው፣ ፍሬውንም ከነትሉ ይረከባል። የሞቃቱ ወራት ሊያበቃ ሲቃረብ ፖሙ ይቀላል፤ ሲቆርጡት ግን ውስጡ ተቦርቡሮ ይገኛል። የቀረውም መሬት ላይ ወድቆ ተርብ ይሰፍርበታል። ባለቤቱ «ይህ ዛፍ ለጥላ እንጂ ለፍሬ አልሆነም» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል፤ አንዳንዱም መጋዝ ያነሣል።

ቀድሞ ቢሆን መልሱ ከሱቅ ኬሚካል ገዝቶ መርጨት ነበር። ዛሬ በቶሮንቶ፣ ከተማዋ በምትገኝበት በኦንታሪዮ ክፍለ ሀገርም ሁሉ፣ አብዛኞቹን ሰው ሠራሽ ፀረ-ተባይ ኬሚካሎች በመኖሪያ ቤት ጓሮ መርጨት በሕግ የተከለከለ ነው። ታዲያ ንጹሕ ፍሬ የሚፈልግ ሰው ምን ያድርግ? መልሱ ባጭሩ ይህ ነው፦ ኬሚካሉ ይሠራው ከነበረው ሥራ አብዛኛውን የነፍሳቱን የሕይወት ዑደት በማወቅ መሥራት ይቻላል። የሚከፈለው ዋጋ ከገንዘብ ይልቅ ትኩረትና ጊዜን መጠበቅ ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሕጉ ከየት መጣ?

የነገሩ መነሻ ከቶሮንቶ ርቃ፣ ከሞንትሪያል በስተ ምዕራብ የምትገኘው ሃድሰን የተባለች ትንሽ ከተማ ናት። ጁን ኧርዊን የተባሉ የቆዳ ሐኪም፣ የሣር ሜዳን ለማሳመር የሚረጩ ኬሚካሎች የሰውን ጤና ይጎዳሉ የሚል ሥጋት አድሮባቸው በከተማዋ ምክር ቤት ስብሰባዎች ላይ ለዓመታት ሲያሳስቡ ቆዩ። ሃድሰን በ1991 ለማሳመሪያ ብቻ የሚደረግን ርጭት የሚገድብ ደንብ አወጣች። በሣር እንክብካቤ የተሰማሩ ኩባንያዎች «ማዘጋጃ ቤት እንዲህ ያለ ሥልጣን የለውም» ብለው ተሟገቱ፤ ክርክሩም እስከ ካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ ጁን 28 ቀን 2001 ለትንሿ ከተማ ፈረደ።

ያ ፍርድ ለሌሎች ከተሞች በር ከፈተ። የቶሮንቶ ከተማ ምክር ቤት በሜይ 2003 የራሱን ደንብ አጸደቀ፤ ደንቡም ከኤፕሪል 1 ቀን 2004 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ኦንታሪዮ ደግሞ ከኤፕሪል 22 ቀን 2009 አንሥቶ ክልከላውን በመላ ክፍለ ሀገሩ ተግባራዊ አደረገች።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ክልከላው የእርሻ ሥራን አይመለከትም፤ ለገበያ የሚያመርቱ የፍራፍሬ እርሻዎች በሌሎች ደንቦች ሥር ሆነው ይረጫሉ። ስለዚህ በሱቅ መደርደሪያ ላይ ያለ እንከን የሚያብረቀርቀው ፖምና በጓሮ የበቀለው ፖም የተለያየ ታሪክ አላቸው። ሁለተኛ፣ «ኦርጋኒክ» ማለት «ምንም ያልተረጨበት» ማለት አይደለም። የኦርጋኒክ ገበሬ እንደ ድኝ፣ ዘይትና ሳሙና ያሉ በደንቡ የተፈቀዱ ነገሮችን ይጠቀማል። እዚህ የምንነጋገርበት ከዚያም ጥቂት ይርቃል፤ በተቻለ መጠን ከውጭ ጥቂት ብቻ ጨምሮ ፍሬ ማፍራትን ይመለከታል።

የፖም እሳት ራት

በፖም ልብ ውስጥ የሚገኘው ትል ብዙውን ጊዜ በእንግሊዝኛ «ኮድሊንግ ሞዝ» የምትባለው የእሳት ራት እጭ ነው። የእሳት ራቷ ርዝመት አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ግራጫ ክንፎቿ ጫፋቸው ላይ የመዳብ ቀለም ያለው ምልክት አላቸው። አበባው በሚረግፍበት ሰሞን ትወጣለች፤ አመሻሽ ላይ እየበረረችም በቅጠልና በለጋ ፍሬ ላይ አንድ አንድ እንቁላል ትጥላለች። የተፈለፈለው እጭ ቆዳውን በስቶ ወደ መሐል ይገባል፤ የሚፈልገው ዘሩን ነው። ሦስት ወይም አራት ሳምንት ያህል ሲበላ ቆይቶ ፍሬውን ትቶ ይወጣና ከግንዱ ቅርፊት ሥር ራሱን በሐር ድር ይሸፍናል። በደቡብ ኦንታሪዮ አየር የእሳት ራቷ በዓመት ሁለት ትውልድ ታፈራለች፤ የመጨረሻው ትውልድ እጭ የበረዶውን ወራት በዚያው ድር ውስጥ ተኝቶ ያሳልፋል።

ይህን ዑደት የተረዳ ሰው ተባዩ የሚጠመድባቸውን በሮች ያያል። የመጀመሪያው ፍሬን ማሳሳት ነው። የፖም ዛፍ ከአንድ የአበባ እቅፍ አራትና አምስት ፍሬ ሊይዝ ይችላል። እጩ ሁለት ፍሬዎች በሚነካኩበት ቦታ ተሸሽጎ መግባት ይወዳል፤ ስለዚህ በጁን ወር ከእያንዳንዱ እቅፍ አንዱን ብቻ አስቀርቶ ሌላውን በጣት መቅጠፍ መሸሸጊያውን ይነሣዋል። የቀረው ፍሬም ይተልቃል፤ ዛፉም ለሚቀጥለው ዓመት የሚያብብበት አቅም ይተርፈዋል።

ሁለተኛው ፍሬን በከረጢት መሸፈን ነው። ፍሬው ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ሲኖረው በወረቀት ወይም አየር በሚያስገባ ስስ ጨርቅ ከረጢት ሸፍኖ ማሰር የእሳት ራቷን ብቻ ሳይሆን ሌሎችንም ተባዮች ያግዳል። ለአንድ ትልቅ ዛፍ አድካሚ ነው፤ አጥር ሥር ላለች አጭር ዛፍ ግን የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው። ሦስተኛው በግንዱ ዙሪያ የሚታሰር ባለ ሞገድ ካርቶን ነው። ከፍሬው ወጥቶ መሸሸጊያ የሚፈልገው እጭ በካርቶኑ ቦዮች ውስጥ ይሰፍራል። ካርቶኑን ከጁን አጋማሽ ጀምሮ አስሮ በየጥቂት ሳምንቱ መፍታት፣ እጮቹን ማጥፋትና በአዲስ መተካት ለቀጣዩ ትውልድ የሚተርፈውን ቁጥር ይቀንሳል። ካርቶኑን አስሮ መርሳት ግን ለተባዩ ምቹ መኝታ እንደ ማንጠፍ ነው።

ተመራማሪዎች በ1971 የዚህችን የእሳት ራት ሴት ወንዱን የምትጠራበትን የሽታ ኬሚካል፣ ማለትም ፌሮሞኑን፣ ለይተው አውቀዋል። ዛሬ ትላልቅ እርሻዎች ይህን ሽታ በማሳው ላይ በብዛት በመልቀቅ ወንዱ ሴቷን እንዳያገኛት ያደርጋሉ። በአንድ ጓሮ ግን ዘዴው አይሠራም፤ ከጎረቤት የተጸነሰች ሴት በርራ ትመጣለችና። ለጓሮ ባለቤት የፌሮሞን ወጥመድ ጥቅሙ ሰዓትነቱ ነው፤ የመጀመሪያው ወንድ ሲያዝ የእንቁላሉ ወቅት መቃረቡን ይነግራል።

ዝንቧና ነቀዙ

ሁለተኛዋ ባላጋራ የፖም ዝንብ ናት። ይህች ዝንብ የሰሜን አሜሪካ ተወላጅ ስትሆን ጥንት የምትኖረው ሀውቶርን በተባለ እሾኻም ዛፍ ፍሬ ላይ ነበር። አውሮፓውያን ሰፋሪዎች ፖምን ወደ አህጉሩ ካመጡ በኋላ ከዝንቦቹ ከፊሎቹ ወደ አዲሱ ፍሬ ተሸጋገሩ፤ በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ የፖም ተባይ መሆናቸው ታወቀ። አንድ ዝርያ እንዴት ወደ ሁለት ሊከፈል እንደሚችል የሚያጠኑ የሥነ ሕይወት ተመራማሪዎች እስከ ዛሬ ድረስ ይህችን ዝንብ እንደ ምሳሌ ይጠቅሷታል።

ዝንቧ በዓመት የምታፈራው በአብዛኛው አንድ ትውልድ ብቻ ነው። የበረዶውን ወራት ከዛፉ ሥር አፈር ውስጥ ታሳልፋለች፤ ከጁን መጨረሻ ጀምሮ ትወጣለች፤ እንቁላሏንም ከፍሬው ቆዳ ሥር ትወጋለች። እጮቿ ሥጋውን በቡናማ መስመሮች ያተራምሱታል። ለእንቁላል መጣያ የምትሻው ክብና ቀይ ነገር ነው። የነፍሳት ተመራማሪው ሮን ፕሮኮፒ ይህን ጠባይዋን አጥንተው በሙጫ የተቀባ ቀይ ኳስ ወጥመድ እንዲሆን አደረጉ። ዝንቧ ትልቅና የበሰለ ፖም ያገኘች መስሏት ኳሱ ላይ ስታርፍ ተጣብቃ ትቀራለች። ለአጭር ዛፍ አንድ ወይም ሁለት፣ ለትልቅ ዛፍ አራት አምስት ኳስ ይሰቀላል። ከዚህ እኩል የሚያስፈልገው የወደቀውን ፖም በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ መልቀም ነው፤ እጩ ከወደቀው ፍሬ ወጥቶ አፈር ውስጥ ከገባ በሚቀጥለው ዓመት ተመልሶ ይመጣል።

ሦስተኛው የፕሪም ነቀዝ ነው። ይህ አፈ ረጅም ትንሽ ጥንዚዛ አበባው እንደረገፈ በለጋው ፍሬ ላይ የጨረቃ ቅርጽ ያለው ጠባሳ ትቶ እንቁላሉን ይጥላል። የተጎዳው ፕሪም ሳይበስል ይረግፋል። ነቀዙ ግን አንድ ድክመት አለው፤ ሲደነግጥ እግሩን ሰብስቦ የሞተ ይመስላል። ይህን የሚያውቅ ሰው በማለዳ፣ አየሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ፣ ከዛፉ ሥር ነጭ አንሶላ ያነጥፍና ቅርንጫፉን በጨርቅ በተጠቀለለ ዱላ ይመታል። «የሞቱት» ነቀዞች አንሶላው ላይ ይረግፋሉ፤ ለቅሞ ሳሙና በተበጠበጠበት ውኃ ውስጥ መክተት ብቻ ይቀራል። ለሁለትና ሦስት ሳምንት በየማለዳው ቢደገም ዛፉ ብዙ ፍሬ ያተርፋል።

ያልተቀጠሩ ዘበኞች

እስካሁን የተነገረው የሰው እጅ የሚሠራው ነው። ከዚያ የሚበልጠውን ሥራ የሚሠሩት ግን ሌሎች ነፍሳት ናቸው። ይህን በማስረዳት ረገድ ካናዳ የራሷ ታሪክ አላት። በኖቫ ስኮሺያ የፖም ሸለቆ ይሠሩ የነበሩት ተመራማሪ ኤ. ዲ. ፒኬትና ባልደረቦቻቸው በ1940ዎቹ አንድ እንቆቅልሽ ገጠማቸው፤ ርጭቱ በጨመረ መጠን አንዳንድ ተባዮች እየበዙ ሄዱ። ሲመረመር ለፈንገስ በሽታ የሚረጨው ድኝ ቅርንጫፉ ላይ ተጣብቆ የሚመጠውን ተባይ የሚበሉትን ነፍሳት እየገደለ መሆኑ ታወቀ። ገበሬው በአንድ እጁ በሽታን ሲያክም በሌላው ዘበኞቹን ይፈጃቸው ነበር። ፒኬት ዘበኞቹን የማይጎዱ ነገሮችን መርጦ፣ አስፈላጊ ሲሆን ብቻ መርጨትን አስተማሩ። አሜሪካዊቷ ጸሐፊ ሬቸል ካርሰንም በ1962 በታተመው በታዋቂው መጽሐፋቸው ሥራቸውን በአርአያነት ጠቅሰውታል።

የዚህ ታሪክ ትምህርት ለጓሮ ባለቤትም ይሠራል። ድኝ «የተፈጥሮ» ነገር ነው፤ የኦርጋኒክ ደንብም ይፈቅደዋል። ነገር ግን የተፈጥሮ መሆኑ ምንም የማይጎዳ አያደርገውም። ጥያቄው የሚረጨው ነገር ከየት መጣ የሚለው ብቻ ሳይሆን፣ በዛፉ ላይ ሌላ ማንን ይነካል የሚለውም ነው።

ክሽክሽን እንውሰድ። በጸደይ ለስላሳው ቅጠል ሲወጣ ክሽክሽ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይራባል፤ ቅጠሉም ይጨማደዳል። እንስቶቹ ያለ ወንድ ይወልዳሉና ቁጥራቸው በፍጥነት ያሻቅባል። ሌዲበግ የምትባለው ባለ ነጥብ ቀይ ጥንዚዛ፣ ሌሎች ሥጋ በል ነፍሳትና ጥቃቅን ጥገኛ ተርቦች የሚደርሱት ዘግየት ብለው ነው፤ የሚበሉት ነገር መጀመሪያ መኖር አለበትና። ባለቤቱ በዚህ መሐል ተደናግጦ ሁሉን የሚገድል ነገር ከረጨ ዘበኞቹ ያልቃሉ፤ ፈጥኖ የሚራባው ክሽክሽ ግን ተመልሶ ይመጣል። ጥቂት ሳምንት መታገሥ ብዙ ጊዜ ከመርጨት ይሻላል። ትዕግሥት ያጣ ሰው ቅጠሉን በውኃ ግፊት ማጠብ ይችላል።

ዘበኞቹን መርዳትም ይቻላል። ጉንዳኖች የክሽክሹን ጣፋጭ ፈሳሽ ለመላስ ሲሉ ከጠላቶቹ ይጠብቁታል፤ በግንዱ ዙሪያ ወረቀት ጠቅልሎ በላዩ የሚያጣብቅ ሙጫ መቀባት ወደ ላይ እንዳይወጡ ያግዳቸዋል። ጥገኛ ተርቦች እንቁላላቸውን በተባዩ አካል ውስጥ ቢጥሉም ራሳቸው የሚኖሩት በአበባ ማር ነው፤ አፋቸው አጭር ስለሆነ ጥልቀት የሌለውን አበባ ይሻሉ። ይህ ለኢትዮጵያውያን ጓሮ መልካም ዜና ነው፤ ለአበባ የተተወ ድንብላል፣ እንስላልና ነጭ አዝሙድ ለእነዚህ ተርቦች ማዕድ ይሆናል። ለወጡ ቅመም የሚዘራው ተክል ለፖሙም ዘበኛ ያመጣል ማለት ነው።

ሌላው ምክር ማዳበሪያ አለማብዛት ነው። ናይትሮጅን የበዛበት ዛፍ ለስላሳና ውኃ የሞላበት ቅርንጫፍ ያወጣል፤ ክሽክሽ የሚወደው ይህንኑ ነው። ቅርንጫፉን በእሳት የተለበለበ አስመስሎ የሚያደርቀው ፋየር ብላይት የተባለው የባክቴሪያ በሽታም በእንዲህ ያለ ቅርንጫፍ ላይ ይበረታል። ከዛፉ ሥር የሚዘረጋ ቀጭን የኮምፖስትና የእንጨት ፍርፋሪ ጉዝጓዝ ለአብዛኛው ጓሮ ይበቃል፤ ጉዝጓዙ ግን ግንዱን እንዳይነካ ማራቅ ይገባል።

ከመድኃኒቱ በፊት ዛፉን መምረጥ

ማኪንቶሽ የተባለው ዝነኛ ፖም የኦንታሪዮ ልጅ ነው። ጆን ማኪንቶሽ የተባለ ሰፋሪ በ1811 ገደማ በምሥራቅ ኦንታሪዮ ደንዴላ በተባለች መንደር ጫካ ሲመነጥር ያገኛት ችግኝ የዝርያው እናት ሆነች። ይሁን እንጂ ይህ የአገር ተወላጅ «የፖም እከክ» በተባለው የፈንገስ በሽታ ክፉኛ የሚጠቃ ነው። ፈንገሱ የበረዶውን ወራት በወደቀ ቅጠል ላይ ያሳልፋል፤ በጸደይ ዝናብ ዘሩን ወደ አዲሱ ቅጠል ይረጫል። በኖቬምበር ቅጠሉን ጠርጎ ማንሣትና ቅርንጫፉን በመግረዝ ነፋስና ፀሐይ እንዲያገኘው ማድረግ በሽታውን ይቀንሰዋል። ማኪንቶሽን ያለ ርጭት ንጹሕ አድርጎ ማፍራት ግን ከባድ ነው።

ተመራማሪዎች ከእስያ የመጣ የዱር ፖምን ከተራው ፖም ጋር በማዳቀል በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎችን አውጥተዋል። በኒው ዮርክ የወጣው «ሊበርቲ» እና በኖቫ ስኮሺያ የወጣው «ኖቫማክ» ከእነርሱ ውስጥ ናቸው። አዲስ ዛፍ ለሚተክል ሰው ከሁሉ የሚበልጠው የተባይና የበሽታ መከላከያ ይህ ምርጫ ነው፤ አንድ ጊዜ ተመርጦ ለዓሥርተ ዓመታት ይጠቅማልና።

ከዚህም አልፎ ፖምን ትቶ የአገሩን ተወላጅ መትከል ይቻላል። በደቡብ ኦንታሪዮ «ፓውፓው» የሚባል የዱር ፍሬ አለ። ስሙ ፓፓያን ቢያስመስለውም ዘመዱ ሌላ ነው፤ ፓውፓው በአገራችን ግሽጣ ከምንለው ፍሬ ጋር በአንድ ቤተሰብ ይመደባል። ሥጋው እንደ ግሽጣ ለስላሳና ጣፋጭ ነው፤ ብርዱን ችሎ የሚኖር የግሽጣ ዘመድ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። ቅጠሉ ነፍሳትን የሚያርቅ ንጥረ ነገር ስላለው የሚያጠቁት ተባዮች ጥቂት ናቸው። ፍሬ እንዲይዝ ግን በዘር የሚለያዩ ሁለት ዛፎች ያስፈልጉታል፤ ዘሩና ቆዳውም አይበሉም።

አጥር የማያግደው ጉዳይ

አንድ ሰው ጓሮውን ምንም ያህል ቢያጸዳ ከአጥሩ ማዶ ማንም የማይለቅመው ዛፍ ካለ ድካሙ ግማሹ ይባክናል። ነፍሳት የቤት ቁጥር አያውቁም። በዚህ ምክንያት ያለ ኬሚካል ፍሬ ማፍራት የጋራ ሥራ ይሆናል።

ቶሮንቶ ለዚህ ሁለት ምሳሌ አላት። በኤግሊንተን ጎዳና ምዕራባዊ ክፍል በሚገኘው ቤን ኖብልማን መናፈሻ በ2009 በጎ ፈቃደኞች የፍራፍሬ ዛፎችን ተክለው በጋራ መንከባከብ ጀመሩ። ከመሥራቾቹ አንዷ የሆኑት ሱዛን ፖይዝነር በኋላ ስለ ከተማ ፍራፍሬ ዛፎች መጽሐፍ ጽፈዋል፤ ዛፍ መትከል የሥራው መጀመሪያ ብቻ እንደሆነ፣ መግረዝና ተባይ መከታተል ካልተማሩ ዛፉ ለአካባቢው ሸክም እንደሚሆንም ያስተምራሉ። ሌላው በ2008 የተመሠረተው «ኖት ፋር ፍሮም ዘ ትሪ» የተባለው ድርጅት ነው። ባለቤቶቹ ሊለቅሙት ያልቻሉትን ፍሬ በጎ ፈቃደኞች መጥተው ይለቅማሉ፤ ምርቱም ለሦስት ይከፈላል፦ ሲሶው ለባለቤቱ፣ ሲሶው ለለቃሚዎቹ፣ ሲሶው ደግሞ ለችግረኞች ምግብ ለሚያቀርቡ የአካባቢ ተቋማት። ይህ አሠራር የተራበን ከመመገቡም በላይ የተባይ መከላከያ ነው፤ ተለቅሞ የተነሣ ፍሬ ለሚቀጥለው ዓመት ትል አያፈራም።

የጋራ ሥራ ምን ያህል ሊሄድ እንደሚችል ለማየት ወደ ካናዳ ምዕራብ ዳርቻ መመልከት ይበቃል። በብሪቲሽ ኮሎምቢያ የኦካናጋን ሸለቆ በ1992 በተቋቋመ መርሐ ግብር የፖም እሳት ራቶች በፋብሪካ እየተራቡ በጨረር መካን ይደረጉና ይለቀቁ ጀመር። ከመካኑ ጋር የተገናኘች የዱር እሳት ራት እንቁላሏ አይፈለፈልም። መርሐ ግብሩ እርሻውን ብቻ ሳይሆን የመኖሪያ ቤት ጓሮንም ያቀፈ ነው፤ በዚያ የፖም ዛፍ ያለው ነዋሪ ተባዩን የመቆጣጠር ግዴታ አለበት።

ወሰኑ የት ነው?

ይህ ሁሉ ሲባል ዘዴው ሁሉን ይፈታል ማለት አይደለም። በ2010 በኦንታሪዮ የተገኘችው፣ መነሻዋ እስያ የሆነች ትንሽ የፍራፍሬ ዝንብ ለዚህ ምስክር ናት። ተራዎቹ የፍራፍሬ ዝንቦች የበሰበሰ ፍሬ ሲሹ ይህችኛዋ መጋዝ በመሰለ እንቁላል መጣያዋ ጤነኛውን ቼሪና እንጆሪ ገና ሲበስል ትወጋዋለች። ዑደቷ አጭር ስለሆነ በአንድ ወቅት ብዙ ትውልድ ታፈራለች። በጣም ስስ በሆነ መረብ መሸፈን፣ ፍሬውን ሳያቆዩ መልቀምና ወዲያው ማቀዝቀዝ ይረዳል፤ ፈጽሞ ግን አያጠፋትም።

ሌላው ወሰን በእኛ ዓይን ላይ ያለው ነው። በነቀዝ ጠባሳ የተበጀ ወይም ጥቂት የእከክ ነጥብ ያለው ፖም ከጣዕሙ የሚጎድል ነገር የለም። የተበላውን ቆርጦ የቀረውን ለማርማላታ ወይም ለጭማቂ ማዋል ይቻላል። ፍጹም የሆነ ፍሬ መጠበቅን የተወ ሰው ሥራው በግማሽ ይቀልለታል።

ለአገር ቤት ምን ይነግረናል?

በቶሮንቶ ኬሚካሉን ያስቀረው ሕግ ነው። በኢትዮጵያ ብዙ ገበሬዎች ዘንድ ዋጋው ራሱ ያስቀረዋል። በ2010 በምሥራቅ ወለጋ ጉቶ ጊዳ ወረዳ በሚገኝ እርሻ ላይ ነጭ ስኬል የተባለው የማንጎ ተባይ በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ተመዝግቧል፤ ከዚያ ወዲህም ወደ ሌሎች የማንጎ አካባቢዎች ተዛምቷል። ተባዩ ቅጠሉ ላይ ተጣብቆ በነጭ የሰም ቅርፊት ሥር ስለሚኖር የተረጨው ነገር በቀላሉ አይደርስበትም፤ ከዘር የበቀሉት የማንጎ ዛፎችም እጅግ ረጃጅሞች ስለሆኑ በጀርባ የሚታዘል መርጫ ጫፋቸውን አይነካም። እዚህም መልሱ ከቶሮንቶው ብዙ አይርቅም፦ ዛፉን ገርዞ ማሳጠርና አየር እንዲገባው ማድረግ፣ የተጠቃውን ቅጠል ማስወገድ፣ ተባዩን የሚበሉትን ጥንዚዛዎችና ጥገኛ ተርቦች የሚፈጅ ርጭትን ማስቀረት።

በውጭ ለሚኖረው ወገን ደግሞ አንድ ኃላፊነት አለ። በ2003 በኬንያ የተገኘው የእስያ የፍራፍሬ ዝንብ ብዙም ሳይቆይ በአፍሪካ ሰፊ ክፍል ተዛምቶ የማንጎ አምራቾችን ጎድቷል። እንዲህ ያሉ ተባዮች ባሕር የሚሻገሩት በአብዛኛው ሰው በሚያጓጉዘው ፍሬና ችግኝ ነው። ለዘመድ ስጦታ ብሎ በሻንጣ የሚወሰድ አንድ ችግኝ ወይም ትኩስ ፍሬ አገር የማያውቀውን ተባይ ይዞ ሊገባ ይችላል፤ የኢትዮጵያም ሆነ የካናዳ የኳራንቲን ሕግ የሚጠነክረው ለዚህ ነው።

የጓሮው ዓመት

ለማጠቃለል፣ የፖም ዛፍ ያለው የቶሮንቶ ነዋሪ ዓመቱ እንዲህ ነው። በረዶው ሊያልቅ ሲል ይገርዛል። በሜይ አበባው ሲረግፍ በማለዳ ቅርንጫፉን መትቶ ነቀዝ ይለቅማል። በጁን ፍሬውን አሳስቶ በከረጢት ይሸፍናል፤ ግንዱን በካርቶን ያስራል። ጁላይ ሲገባ ቀዩን ኳስ ይሰቅላል። ከዚያ እስከ ለቀማው ድረስ የወደቀውን ያነሣል። በኖቬምበር ቅጠሉን ይጠርጋል፤ ካርቶኑንም ፈትቶ ያስወግዳል።

ከእነዚህ ሥራዎች አንዱም ለብቻው ተባዩን አያሸንፍም፤ ተደምረው ግን ቁጥሩን ፍሬ ሊተርፍበት ወደሚችልበት ደረጃ ያወርዱታል። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ሥራ የተነገረ ይመስላል፤ ተባዩ በዝቶ ከታየ በኋላ የሚደረገው ብዙ ነገር ዘግይቷል። ዘንድሮ ተበልቶ የወደቀውን ፖም ዛሬ ማንሣት ግን ለመጪው ዓመት ገና በጊዜው ነው።